ሰባተኛው መርህ

ፌሊክስ ባይስቴክ አሜሪካዊ የካቶሊክ ቄስና የሶሻል ወርክ መምህር ነበር። የሶሻል ወርክ ባለሙያ ከሚረዳው ሰው ጋር ሊኖረው የሚገባውን ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1957 በሰባት መርሆዎች አስቀመጠው፤ በየአገሩ ያሉ ተማሪዎች ዛሬም ያጠኗቸዋል። እያንዳንዱን ሰው እንደ ራሱ ማየት፣ ስሜቱን እንዲያወጣ መፍቀድ፣ የራስን ስሜት መግዛት፣ ሰውን እንዳለ መቀበል፣ አለመፍረድ፣ የሕይወቱን ውሳኔ ለራሱ መተው። ሰባተኛው ምስጢር መጠበቅ ነው።

መምህራችን ስድስቱን በሰፊው አስተማሩን። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ሰዓቱ አልቆ ነበርና «ይህኛው ግልጽ ነው፤ አንብቡት» ብለው አለፉ። ማናችንም አልጠየቅንም። የሰው ገበና እንደማይወጣ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ ከእናቶቻችን ሰምተነው ያደግን ነገር ነው። ለመስክ ልምምድ ሐዋሳ ውስጥ ቤት ለቤት መዞር ስንጀምር ግን ከሰባቱ ሁሉ አስቸጋሪው ይኸው ግልጽ የተባለው ሆነ። አሁን በመጨረሻው ዓመት ላይ ሆኜ ሳስበው ሌሎቹ ስድስቱ የቆሙት በእርሱ ላይ ይመስለኛል። የተናገረችው ነገር ከግቢ እንደሚወጣ የምታውቅ ሴት ስሜቷን አታወጣም። ያልተነገረን ነገር ደግሞ መቀበልም፣ አለመፍረድም አይቻልም።

የባይስቴክን ቄስነት ሳስብ ይህ መርህ ከየት እንደመጣ የገባኝ ይመስለኛል። ኑዛዜ የሚሰማ ሰው ነው። በእኛም አገር የነፍስ አባት አለ፤ ለባሏም ለእናቷም ያልነገረችውን ለእርሱ የምትነግር ሴት ሞልታለች። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የነፍስ አባት ወደ ቤት ሲመጣ ጎረቤት ለምን መጣ ብሎ አይጠይቅም፤ መምጣቱ ወግ ነው። የሶሻል ወርክ ተማሪ ፋይል በክንዷ ይዛ ስትገባ ግን ግቢው ሁሉ ይጠይቃል። ገና አንድ ቃል ሳይነገር ምስጢሩ ግማሽ ያህሉ ወጥቷል፦ በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ችግር አለ።

(ከዚህ በታች የማነሳቸውን ሰዎች ማንም እንዳይለያቸው አድርጌ ዝርዝራቸውን ቀይሬአለሁ። ስለ ምስጢር እየጻፉ የሰው ምስጢር ማውጣት አይሆንም።)

የምናነበው መጽሐፍ በር ላለው ክፍል የተጻፈ ነው። ቀጠሮ ተይዞ፣ በር ተዘግቶ፣ ሁለት ወንበር ተቀምጦ የሚካሄድ ንግግር ነው የሚያስበው። እኛ የምንሄድባቸው ቤቶች አብዛኞቹ በአንድ ግቢ ውስጥ የተደረደሩ የኪራይ ክፍሎች ናቸው። ቧንቧው አንድ፣ መጸዳጃ ቤቱ አንድ፣ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ አንድ። ኮርኒስ ስለሌላቸው በአንደኛው ክፍል የተነገረ በሦስተኛው ይሰማል። በሩን ዝጉት እንዳይባል፣ በጠራራ ፀሐይ በሩን የዘጋ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። በዚህ ከተማ ሙቀት ደግሞ ማንም ያለ ምክንያት በር አይዘጋም። ስለዚህ በር መዝጋት ምስጢር መኖሩን ማወጅ ነው።

ከዚያ ቡናው አለ። ስለ ስጦታ የተማርነው የማያሻማ ነበር፤ ባለሙያ ከሚረዳው ሰው ምንም አይቀበልም። ነገር ግን የቀረበን ቡና አልጠጣም ማለት የቤቱን ባለቤት መናቅ ነው፤ ከተናቀ ሰው ደግሞ የሚገኝ ቃል የለም። ስለዚህ እንጠጣለን። ቡና ደግሞ ብቻ አይጠጣም። ሲቆላ ጢሱ ራሱ ይጣራል፤ ጢሱን ያልሰማ ቢኖር ልጅ ተልኮ ይጠራል። አቦሉ ሲቀዳ ከጎረቤት ሁለት ሴቶች መጥተዋል። ቶናው ላይ አከራይዋ ተቀምጠዋል። በእጄ ያለው ቅጽ «በቤት ውስጥ ድብደባ ደርሶብዎት ያውቃል?» የሚል ጥያቄ ይዟል።

ቅጹን አጥፌ ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ። ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ውኃ ስለጠፋባቸው ቀናት እናወራለን። አብረውኝ የሚማሩ አንዳንድ ልጆች እንዲህ ያለውን ከሰዓት በኋላ የባከነ አድርገው ይቆጥሩታል፤ በሪፖርታቸው ላይ የሚሞሉት ነገር አያገኙምና። እኔ በዚህ አልስማማም። በዚያ ቡና ላይ ጎረቤቶቹ እኔን መርምረው ይጨርሳሉ፤ የማን ልጅ እንደሆንሁ፣ የት ሰፈር እንዳደግሁ፣ ምን እንደምማር ጠይቀው ያውቁኛል። በሚቀጥለው ጊዜ ስመጣ እንግዳነቴ ያበቃል፤ «ያቺ ተማሪ» እሆናለሁ፤ መምጣቴም ወሬነቱ ይቀንሳል።

በረካው ከተጠጣ በኋላ ደግሞ የቤቱ ባለቤት ልትሸኘኝ ትነሳለች። ይህን መጽሐፉ አያውቀውም። እንግዳ ብቻውን አይወጣም፤ እስከ ግቢው በር፣ ከፈለገችም ባጃጅ እስከሚገኝበት ዋና መንገድ ድረስ ትሸኘኛለች፤ አንድም ሰው የት ሄደች አይልም። ሁለታችን ጎን ለጎን እየሄድን፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ፣ ሁሉም ሰው እያየን ማንም ሳይሰማን እንነጋገራለን። በቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እዚያ ነው። አንዲት እናት ባጃጁ እየጠበቀኝ «ልጄ፣ የቅድሙን ነገር ልንገርሽ» ብላ የጀመረችው፣ ሁለት ሰዓት ቤቷ ተቀምጬ ያላገኘሁት ነበር። ቀጥሎ የመጡ ተማሪዎችን የማግዝበት ዕድል ሲገጥመኝ አስቀድሜ የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ ሽኝቱን አታሳጥሩ፤ አስፋልቱ ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ።

ለሁሉም ግን ሽኝት አይበጅም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ቤት ጎረቤት ቡና የሚጠራራበት ቤት አይደለም። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከሲዳማ ገጠርና ከአጎራባች አካባቢዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ወደ ከተማዋ መጥተዋል። ከደመወዛቸው ላይ የቤት ኪራይ ለመቀነስ በአንድ ክፍል ሦስትና አራት ሆነው ይኖራሉ። አብረው የሚኖሩት ብዙውን ጊዜ የአንድ ቀበሌ ልጆች፣ አንዳንዴም የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። በዚህ ምክንያት አንዷ ለክፍል ጓደኛዋ ያወጣችው ነገር እሑድ ከገጠር በሚመጣ ሰው በኩል እናቷ ዘንድ ይደርሳል። አንዷ ከሌሊት ፈረቃ ተመልሳ ስትተኛ ሌላዋ ለቀኑ ትነሳለች፤ ክፍሉ ባዶ የሚሆንበት ሰዓት የለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሚያስገባው ዕድል) ተጠቃሚነት ስታግድ ሥራ ካጡት መካከል ለቤተሰባቸው ሳይናገሩ የቆዩ ነበሩ። አንዷን አግኝቻታለሁ። ጠዋት ከጓደኞቿ ጋር ትወጣለች፤ እነርሱ ወደ ፋብሪካ፣ እርሷ ወደ ሐይቁ ዳር። ሥራ ማጣቷን እኔ የሰማሁት ከክፍል ጓደኞቿ በፊት ነው። የነገረችኝ ከእኔ ጋር ወደ አንድ መንደር የሚመለስ መንገድ ስለሌላት ብቻ ነው። ለእርሷ ባዕድነቴ ጥቅም ነበረው። ባለሙያ የሚባል ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ ከየትኛውም ንድፈ ሐሳብ በላይ ያስረዳኝ እርሷ ናት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቋንቋው ነገር ነው። ሐዋሳ አማርኛ እየተናገርሁ ነው ያደግሁት። የሲዳሙ አፎ ሰላምታና የገበያ ቃላት አውቃለሁ፤ ከዚያ ያለፈ አይደለም። ወደ ከተማዋ ዳርቻ ስንወጣ፣ በተለይ ወደ ሐዌላ ቱላ በኩል፣ በዕድሜ የገፉ እናቶችን ያለ አስተርጓሚ ማነጋገር አልችልም። አስተርጓሚ የሚሆነው ደግሞ የተገኘው ሰው ነው፤ ጎረቤት፣ የቀበሌ ሠራተኛ፣ ወይም የቤቱ ልጅ። ጎረቤት ከሆነች ምስጢሩ ለጎረቤት ተነገረ ማለት ነው። የቀበሌ ሠራተኛ ከሆነ እናትየዋ የምትናገረው የእርዳታ መዝገብ ላይ ያስጽፈኛል ብላ የምታስበውን ነው።

ልጅ ሲያስተረጉም የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት ታማ የተኛች እናት ስለ ሕመሟ ስንጠይቃት ረጅም ተናገረች፤ ድምጿ ሁለት ጊዜ ተቆራረጠ። አሥር ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጇ አዳመጠችና «ደህና ነኝ ትላለች» ብላ ተረጎመች። እንደገና ብንጠይቅም መልሱ ያው ሆነ። ልጅቷ አማርኛ አንሷት አይደለም፤ ትምህርት ቤት ከአማርኛ ተናጋሪ ልጆች ጋር የምትውል ልጅ ናት። የእናቷን ገበና ለማታውቃቸው ሰዎች አልሰጥም ማለቷ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ሰባተኛውን መርህ በትክክል የጠበቀችው እርሷ ነበረች። ልጅን ግን እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማቆም ተገቢ አይደለም። የእናቷን ሕመም ዝርዝር መስማት አልነበረባትም፤ ከሰማችም በኋላ ለማን ይነገር ለማን አይነገር ብላ ብቻዋን መወሰን አልነበረባትም። ይህንን በክፍል ውስጥ ማንም አላስተማረንም። በምንጠቀምባቸው ቅጾች ላይ አስተርጓሚው ማን እንደሆነ የሚጻፍበት መስመር እንኳ የለም።

የመማሪያ ክፍሉን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ምስጢር በብዛት የሚወጣው እዚያው ነው። ከመስክ ስንመለስ እያንዳንዳችን የያዝነውን ጉዳይ እያቀረብን እንወያይበታለን። አንድ ቀን አንድ ተማሪ ሲያቀርብ «ስሟን አልጠቅስም» ብሎ ጀመረና አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ድንች እንደምትሸጥ፣ ባሏ ወታደር እንደነበረ፣ መንታ ልጆች እንዳሏት ተናገረ። ከተማዋን የሚያውቅ ሰው በግማሽ ቀን የሚያገኛት ሴት ሆነች። ያን ቀን የሚመሩን ሌላ መምህርት ነበሩ። አስቆሙትና «መናኸሪያው ለምን አስፈለገን? መንታነታቸውስ?» አሉት። ከዚያ ለመማር የሚያስፈልገንን ብቻ ለይቶ እንደገና እንዲያቀርብ አደረጉት። የቀረው ጥቂት ነበር፦ ገቢዋ በየቀኑ የሚለዋወጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን የሚይዝላት ዘመድ የሌላት ሴት። ውይይቱም ከመጀመሪያው ይልቅ ጥልቅ ሆነ፤ ወሬው ተነስቶ ችግሩ ብቻ ቀርቷልና። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ማስታወሻ ስጽፍ የጉዳዩ ባለቤት አጠገቤ ተቀምጣ እንደምታዳምጥ አድርጌ ነው። «ሰነፍ»፣ «አስቸጋሪ»፣ «የማትተባበር» የሚሉ ቃላት በዚያ መንገድ አይጻፉም።

ከእኛ ቀድመው የተመረቁ ልጆች ሥራ ላይ የሚገጥማቸውን ስሰማ ደግሞ ልቤ ይዝላል። አራት ጠረጴዛ ያለው አንድ ክፍል፣ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ከጠረጴዛው ፊት፣ ቁልፉ የጠፋ የፋይል ሳጥን። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ የፊተኛውን ሰው ጉዳይ ይሰማል። አርማ የተለጠፈበት መኪና አንድ በር ላይ ይቆምና በዚያ ቤት ምን እንዳለ ሰፈሩ ያውቃል። የአንዲት የተደፈረች ልጅ ፎቶግራፍ ለሪፖርት ተብሎ በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ሲላክ ያየች ጓደኛ አለችኝ። ላኪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራውን መሥራቱን ለአለቆቹ ማሳየት ፈልጎ ነው። ይህ ግን ምክንያት እንጂ ይቅርታ አይሆነውም። የልጅቷ ፊት በስንት ስልክ ውስጥ እንዳለ ዛሬ ማንም አያውቅም።

ለዚህ ሁሉ አንዱ ምክንያት ትምህርቱ ራሱ በአገራችን ሥር ሳይሰድ መቆረጡ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በደርግ ጊዜ ተቋረጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በመካከሉ ሠላሳ ዓመት ያህል አለፈ። በእነዚያ ዓመታት ጦርነት፣ ረሃብ፣ ኤች አይ ቪ አገሪቱን አንገላተዋታል፤ በየቤቱ እየገቡ ሰው የረዱ ሰዎችም ነበሩ። ያዩትን ሰብስቦ ለተማሪ የሚያቆይ ትምህርት ቤት ግን አልነበረም። እነዚያ ሰዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ምስጢር እንዴት እንደጠበቁ ቢጻፍልን ኖሮ እኔ ስለ ሽኝት በራሴ ማወቅ ባላስፈለገኝ ነበር። አሁን የምናነበው ስለ ለንደንና ስለ ቺካጎ ነው። አልንቀውም፤ የሶሻል ወርክ ፈር ቀዳጇ አሜሪካዊት ጄን አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1889 ቺካጎ ውስጥ በስደተኞች ሰፈር መሐል ቤት ከፍታ መኖሯን ሳነብ ልቤ ይሞቃል። የእኛ ሰፈር ግን የራሱን መጽሐፍ ይፈልጋል።

አንድ የእድር ዳኛ በዚህ ጉዳይ አጥብቀው ተከራክረውኛል፤ ክርክራቸው አሁንም አብሮኝ አለ። «ልጄ፣ እናንተ ምስጢር ምስጢር ትላላችሁ። ችግሩን ሆድ ይፍጀው ብሎ የያዘ ሰው ነው የሚሞተው። የነገረንን ሰው ጥለነው እናውቃለን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በዚህ ከተማ የብዙ ሰው ዋስትና መሥሪያ ቤት አይደለም፤ እድሩ፣ ማኅበሩና ጎረቤቱ ነው። ሰውን ከእነዚህ ነጥሎ ከአንድ ባለሙያ ጋር ብቻ ማገናኘት ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳዋል። ነገር ግን እድር የሚያውቀው በአብዛኛው ሞትን ነው። ሞት ምስጢር የለውም፤ ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ማንም አያፍርም። ድብደባ፣ ያልተፈለገ እርግዝና፣ የአእምሮ ሕመም ድንኳን አይተከልላቸውም። ይህን ስላቸው ዝም አሉና ስለ አንዲት የእድራቸው አባል ጠየቁኝ፤ ስሟን ሳይነግሩኝ፣ ሰፈሯን ሳይነግሩኝ፣ ምን ቢያደርጉላት እንደሚሻል ብቻ። ሰባቱን መርሆዎች ካጠኑት ብዙዎቹ እንዲህ ጠንቅቀው አይጠይቁም።

ደግሞም ምስጢር ሁሉ አይጠበቅም። ይህንን ያን ተማሪ ያስቆሙት መምህርት አጥብቀው አስተምረውናል፤ «ለማንም አልናገርም» የሚል ቃል ከአፋችን እንዳይወጣ ከልክለውናል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ልትዳር መሆኑን ብሰማ ዝም ልል አልችልም፤ የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ አሥራ ስምንት ዓመት ያደረገው ለእንዲህ ያለው ነው። ስለዚህ ገና ንግግር ሳይጀመር የሚባል ነገር አለ፦ «የሚነግሩኝን ለሰው አላወራም። ነገር ግን በእርስዎ ወይም በልጅ ሕይወት ላይ አደጋ ካለ ሊረዳ ለሚችል ሰው መናገር ግድ ይለኛል፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ ለእርስዎ እነግርዎታለሁ።» ይህ ሲባል ሴቲቱ ዝም ብትልስ ብዬ እፈራ ነበር። አንዳንዷ ትላለች። እርሱም መብቷ ነው። አብዛኞቹ ግን ወሰኑን አስቀድሞ የነገራቸውን ሰው ከሚማልላቸው ሰው ይልቅ ያምኑታል።

ሕጉ በበኩሉ ባዶ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በሙያ የታወቀን ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የፋይል ሳጥኑ ቁልፍ ግን በአዋጅ አይገዛም። በር ያለው አንድ ትንሽ ክፍል በየወረዳው ለማዘጋጀት አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ ያ ክፍል ያስፈልጋል ብሎ የሚሟገት ሰው ነው የሚያስፈልገው፤ እርሱም እኛ ካልሆንን ሌላ ማንም አይሆንም።

በዚህ ዓመት እኔና ጥቂት የክፍል ጓደኞቼ በአንዱ ጉዳይ ላይ ተነስተናል። ለአስተርጓሚዎች የሚሆን አንድ ገጽ ጽሑፍ በአማርኛና በሲዳሙ አፎ አዘጋጅተናል። አስተርጓሚው ከዚያ ግቢ ጎረቤት እንዳይሆን፣ የተባለውን ሳይቀንስና ሳይጨምር እንዲናገር፣ ያልገባውን ጠይቆ እንዲያስረዳ፣ የሰማውን ለትዳር ጓደኛው እንኳ እንዳይናገር ይላል፤ ልጅ ደግሞ ለአስተርጓሚነት እንዳይቀመጥ ይከለክላል። ሲዳሙ አፎ አፋቸውን የፈቱበት ሁለት ጓደኞቻችን ጽሑፉን ለወላጆቻቸው እያነበቡ፣ ያልጣማቸውን ቃል እየቀየሩ አቃንተውታል። ትምህርት ክፍሉ በሚቀጥለው ሴሚስተር ወደ መስክ ለሚወጡት እንዲሰጥ ተስማምቷል። አንድ ነገር ብቻ አልተቋጨም፤ ለአስተርጓሚ ይከፈል ወይስ በፈቃደኝነት ይሁን የሚለው። እኔ ይከፈል ከሚሉት ወገን ነኝ። ደመወዝ የሚቀበል ሰው ቃል ይገባል፣ ይፈርማል፣ ቃሉን ቢያፈርስ ይጠየቃል፤ ለውለታ ብሎ የመጣን ጎረቤት ግን ማን ይጠይቀዋል? ጥያቄያችንን ከነበጀቱ ጽፈን አስገብተናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።